ሳትሞላ የማትነሳ መርከብ

መቱ ባሕር የላትም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ኢሉባቦርን የማያውቅ አንባቢ እንዳይሳሳት ብዬ ነው፤ እኛ የመቱ ሰዎችማ አንዳንዴ እንጠራጠራለን። ዝናባችን አንዴ ከጀመረ መጨረስ የሚባል ነገር አያውቅም። እኔ ስወለድ የታጠበው መታቀፊያ ጨርቅ የደረቀው ፊደል ልቆጥር ስገባ ነው ይባላል። የጎረቤታችን ዶሮዎች ደግሞ ከእኛ ከልጆቹ ቀድመው ዋና ለምደዋል። እንዲህ ባለ ከተማ የባሕር ጦርነት ቢነሳ ምን ይገርማል? ተነስቶም ነበር። የተነሳው በአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጓዳ፣ ካውያ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ ሲሆን፣ ከጦር አዛዦቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። ብዙ መርከብ ሰጥሟል፤ ብዙ ወታደር አልቋል። በመጨረሻ ግን የተዋጋነው ለደሴት አልነበረም፣ ለአንድ ጡረተኛ ሾፌር ዓይን ነበር።

ጊዜው ሞባይል መቱ ገብቶ፣ ኔትወርኩ ግን ገና በደሌ መናኸሪያ ቁጭ ብሎ መኪና የሚጠብቅበት ዘመን ነው። መንገድ ሲሠሩ የቆዩ ፈረንጆች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሊሄዱ ሲሉ የተረፋቸውን ዕቃ ሸጡ። እኔ ፎቶ ቤት ስላለኝ ዓይኔን የጣልኩት አንድ ትልቅ መብራት ላይ ነበር። መብራቱን ሌላ ሰው ቀደመኝና ለእኔ አንድ ካርቶን ደረሰኝ። ስከፍተው የተቀደደ ዣንጥላ፣ የግራ እግር ብቻ የሆነ ቦቲ ጫማ፣ ከሥር ደግሞ ይሄ ጨዋታ ወጣ። ሲዘረጋ ጠረጴዛ የሚያህል ባሕር የተሳለበት ሰሌዳ፣ ዳርና ዳሩ ላይ ደሴቶች፣ ከዚያ አንድ ከረጢት ሙሉ የፕላስቲክ መርከብ። መድፍ የተሸከሙ አሉ፣ ውኃ ውስጥ የሚሄዱ ሰርጓጆች አሉ፣ ሆዳቸው ባዶ የሆነ፣ አራት አራት ወታደር የሚያመላልሱ የጭነት መርከቦችም አሉ። የደንቡን መጽሐፍ አይጥ በልቶታል። የተረፈው ሽፋኑ ብቻ ነው። አይጡን በሕይወት ብናገኘው ኖሮ ከዚያ በኋላ የመጣው ክርክር ሁሉ ይቀርልን ነበር፤ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበርና።

ጨዋታውን ይዤ የሮጥኩት ወደ ልብስ ሰፊው ወዳጄ ነው። ከስልጤ የመጣ፣ ሜትር ከአንገቱ የማይወርድ፣ ሱሪ ለማሳጠር የሄደን ሰው ሙሉ ልብስ አሰፍቶ የሚመልስ ነጋዴ ነው። ጓዳው ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ የሚቀመጡ አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪናም፣ ቅጥቅጥ አውቶቡስም ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከጋምቤላ እስከ አዲስ አበባ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ በስሙ ይጠሩታል። ከሁላችንም ለመርከብ የሚቀርቡት እሳቸው ነበሩ፤ ምክንያቱም አባታቸው ቡና በበቅሎ ጭነው ከጎሬ ወደ ባሮ ወንዝ ሲወርዱ ጋምቤላ ላይ ጭስ የሚተፋ መርከብ በዓይናቸው አይተዋል። ጋሼ ራሳቸው አላዩም። ቢሆንም መርከብ በዘር የሚወረስ ይመስል፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የባሕር ጉዳይ ሁሉ ወደ እሳቸው ይመራ ጀመር።

የሚጎድለንን ከቤቱ ሞላን። ወታደር አልነበረም፤ የሸሚዝ ቁልፎች ወታደር ሆኑ፣ የኮት ቁልፎች ደግሞ መኮንኖች። ተኩስ መምታቱንና መሳቱን የምንለየው ቆርኪ ወደ ላይ በመወርወር ነው፤ ፊቱን ካሳየ መታ፣ ጀርባውን ካሳየ ሳተ። ደሴቶቹ የፈረንጅ ስም ስለነበራቸውና ምላሳችንን ስላደናቀፉት፣ በአቅራቢያችን ባሉ ከተሞች ስም የአንዱን ወገን ሁሩሙ፣ የሌላውን ያዮ፣ መሀል ላይ ያለችውን ትንሿን ኡካ አልናት። በጭነት መርከቡ ወታደር ጭኖ ቀድሞ ተቃራኒው ደሴት ላይ ያወረደ ያሸንፋል። እስከዚህ ድረስ ጤነኞች ነበርን።

ችግሩ የተጀመረው እኔ በመጀመሪያው ጨዋታ ሁለት ቁልፍ መርከቤ ላይ አስቀምጬ ወደ ያዮ መግፋት ስጀምር ነው። ጋሼ እጄን ያዙኝ።

«ወዴት ነው?»

«ያዮን ልወር ነዋ፣ ጋሼ።»

«በሁለት ሰው?»

«ሁለት ወታደር ነዋ የጫንኩት።»

«አራት ሰው የምትይዝ መኪና በሁለት ሰው ስትነሳ የት አየህ?»

«መኪና አይደለችም እኮ። መርከብ ናት።»

«ነዳጅ አትጠጣም?»

መልስ ፍለጋ ወደ ልብስ ሰፊው ዞርኩ። እሱም ክሩን በጥርሱ በጠሰና፣ «ወላሂ እውነታቸውን ነው» አለ። «እኔ ከሁሩሙ መቱ ለመምጣት ግማሽ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ አውቃለሁ። ጦርነት ስለሆነ ነው ደንብ የሚፈርሰው?»

በዚህ አኳኋን የመጀመሪያው የቤታችን ሕግ ወጣ፤ የጭነት መርከብ ሳትሞላ አትነሳም። ስሟም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅጥቅጥ ሆነ። አንድ ሕግ ከወጣ ደግሞ ወንድሞቹን ሳይጠራ አያድርም። ቅጥቅጥ ያለ ረዳት ትሄዳለች? አትሄድም፤ ስለዚህ ከሱሪ ላይ የወለቀ መንጠቆ በሩ ላይ የሚንጠለጠል ረዳት ሆነ፤ ቦታ አይይዝም፣ ከተሳፋሪም አይቆጠርም፣ ከመርከቡም ፈጽሞ አይወርድም። ረዳት ካለ ደግሞ ሳይጣራ ይነሳል? አይነሳም። ስለዚህ መርከቡን የሚያንቀሳቅስ አዛዥ ከመነሳቱ በፊት የሚሄድበትን አገር ሦስት ጊዜ መጥራት አለበት። «ያዮ ያዮ ያዮ! ነመ ቶኮቱ ሃፌ! አንድ ሰው የቀረው!» እያልን ጉሮሯችን እስኪነቃ እንጮህ ነበር። ሦስት ሰው ቢጎድልም የሚባለው አንድ ሰው የቀረው ነው፤ በመናኸሪያችን ታሪክ ሁለት ሰው የቀረው ተብሎ አያውቅም። በዓለም ላይ ጦሩ የት እንደሚያርፍ ለጠላት አስቀድሞ በጩኸት የሚያስታውቅ ባሕር ኃይል እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ጨርቅ ሊያስለኩ የሚመጡ ሴቶች መጀመሪያ ጊዜ ይደነግጡ ነበር። በኋላ ግን ለመዱት። እንዲያውም አንዲት ሴት ጩኸታችንን ሰምታ ቅርጫቷን ይዛ ገባችና፣ «ኡካ የምትሄደው የቷ ናት?» ብላ ጠይቃለች። ልብስ ሰፊው ቀሚስ አሰፍቶ ሸኛት።

ሕጉ በዛ። ተሳፋሪ አንዴ ከወጣ ወደ ሌላ መርከብ አይዛወርም፤ ተራ አስከባሪ ይጣላል። ወታደሩን ያራገፈ መርከብ ባዶውን አይመለስም፤ ከያዮ የሚመለስ ሾፌር ማር ሳይጭን መጥቶ ሚስቱን ምን ብሎ ያያታል? የኮት ቁልፍ ወይም ትልቅ ጦር መርከብ ባሕር ውስጥ ከሰጠመ ጨዋታው ይቆምና ለባለቤቱ «እግዜር ያጥናህ» ይባላል፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ይቀበላል። መናኸሪያ ውስጥ ጠብ የለምና ወደብ ላይ ቆማ የምትጭን መርከብም፣ የተሳፈረ ሰውም አይመታም። ከጦር ሰፈሩ ወደ ወደቡ በእግሩ የሚሄድ ወታደር ግን ቢመታ ሕጉ አይከለክልም። ነገር ግን ማንም አያደርገውም፤ ያ ሁሉ መድፍ እያለህ ለአንድ የሸሚዝ ቁልፍ መተኮስ እንደ ንፍገት ይቆጠር ነበር። ይህችን ነገር አንባቢዬ ይያዝልኝ።

ስለ ዝናብ የተነሳው ክርክር ብቻውን ከጦርነቱ ይረዝም ነበር። ልብስ ሰፊው ዝናብ ሲጥል መንገድ ይበላሻልና መርከብ ይቁም አለ። ጋሼ ተቆጡ። «አባቴ ያዩት መርከብ የሚመጣው በክረምት ነው፤ ባሮ ሲሞላ! በበጋማ አሸዋ ላይ ይቀመጣል። መርከብና መኪና ተቃራኒ ናቸው» አሉ። ሁለቱም ልክ ሆኑብን። በመጨረሻ እኔ ዳኝነት ሰጠሁ፤ በዝናብ ጊዜ መሄድ ይፈቀዳል፣ ነገር ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጥሪ ስለማይሰማ፣ ያልተሰማ ጥሪ ደግሞ እንዳልተጠራ ስለሚቆጠር፣ ያልተጠራለት መርከብ አይነሳም። ይህ ፍርድ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ሳይሻር ያልፋል ብዬ አምናለሁ። ውጤቱ ግን በመቱ ክረምት አንድ ጨዋታ እስከ መስከረም መዝለቁ ሆነ።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ለሥራ የመጣ ሰው ሱሪውን ሊያስጠብብ ገብቶ ሰሌዳውን አየና ዓይኑ በራ። ጨዋታውን ያውቀዋል! ፈረንጅ አገር ሲማር ተጫውቶታል። «በእውነተኛው ደንብ እኮ» አለ፣ «የጭነት መርከብ በአንድ ወታደርም መሄድ ይችላል። ባዶውንም ይሄዳል።»

ጋሼ ከልባቸው አዘኑለት። «ባዶውን? ነዳጁን ማን ይችልለታል?»

ሰውዬው ትንሽ አሰበ። ከዚያ ጃኬቱን አወለቀና ተቀመጠ፤ ሱሪው ተጠቦ እስኪያልቅ «ኡካ ኡካ ኡካ!» ሲል ዋለ።

በዚህ ሁሉ መሀል የጋሼ ዓይን እየደከመ እንደሆነ አላስተዋልንም ነበር። መርከቦቹን በጣታቸው እየዳሰሱ ሲያንቀሳቅሱ የአዛዥ ኩራት መስሎን ነው። ያወቅነው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ጠቁሮ ጓዳው ደብዘዝ ብሎ ሳለ ነው። ልብስ ሰፊው ሳያስበው አንድ ጥቅል ጥቁር ክር ሰሌዳው ላይ፣ ኡካ አጠገብ አስቀምጦ ረስቶታል። ጋሼ ጎንበስ አሉ፤ ዓይናቸውን አጠበቡ።

«ይሄ ትልቁ ጦር መርከብህ ነው አይደል? እዚህ ድረስ መጣልኝ!» አሉኝ።

እኔና ልብስ ሰፊው ተያየን። ጋሼ ያላቸውን መድፍ ሁሉ ወደ ክሩ አዞሩ። ቆርኪው ወደ ላይ ወጣ፣ ወረደ። ሳተ። እንደገና። ሳተ። የቀረውን ጥይት ሁሉ አሟጠው ተኮሱ፤ በመጨረሻው ቆርኪው ፊቱን አሳየ።

«ምን ሆነ?» አሉ፣ አንገታቸውን አስግገው።

ልብስ ሰፊው ክሩን በቀስታ አነሳና ኪሱ ከተተው። «ሰጠመ፣ ጋሼ» አለ።

«እግዜር ያጥናህ» አሉኝ ጋሼ በደስታ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ሐዘኑን ተቀበልኩ። ሕይወቴን ሙሉ ስቀልድ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን የሚቀለድ ነገር አጣሁ።

በማግስቱ የጋሼ ባለቤት ፎቶ ቤቴ መጡ። እትዬ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ግን ለሁለት ሰው የሚበቃ ነው። በወጣትነታቸው ከጋሼ ጎን ጋቢና ተቀምጠው ያልሄዱበት አገር የለም፤ ጋሼ ረዳት ያጡ ቀን ረዳት ሆነው ሒሳብ ሰብስበዋል፣ ጎማ ሥር ድንጋይ ደግፈዋል።

«ጉድ ልንገርህ» አሉኝ ገና ሳይቀመጡ። «ትናንት ደጃፍ ላይ ለቆመች ፍየል፣ እንደምን ዋልሽ እናቴ ብሎ ሰላምታ ሰጣት።»

«ምን አለችው ታዲያ?»

«ምን ትላለች! ዝም አለችዋ። እሱ ደግሞ ተቀየማት። የዛሬ ዘመን ሴት ንቀቷ ብሎ እስኪመሽ ሲያማት ዋለ።»

ሳቅን። ሳቁ ቶሎ አለቀ።

«ጅማ ያለው ሐኪም አይቶታል» አሉ እትዬ። «የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፋል፣ ያያል ብሎኛል። ቀጠሮው በሚመጣው ሳምንት ነው። ይሄ ካመለጠን ሌላው ወረፋ መቼ እንደሚደርስ እግዜር ነው የሚያውቀው። አንዱ ዓይኑ ጨርሶ ሄዷል፤ ሁለተኛው ሻንጣውን እየሸከፈ ነው። አልሄድም ብሎኛል።»

«ለምን?»

«እኔ ሰው እጭናለሁ እንጂ ሰው አይጭነኝም ይላል። እኔ ተሳፋሪ ሆኜ አላውቅም ይላል። አንተ ነገር ታውቃለህ፣ አፍህ አያርፍም፤ እስቲ አንድ ነገር በለው።»

እኔም ከሰዓት በኋላ ጓዳው ውስጥ ጋሼን አንድ ነገር አልኳቸው። እንወራረድ አልኩ። ከሦስታችን አንዳችን ካሸነፍንዎት ጅማ ይሄዳሉ፤ ካሸነፉን ሁለተኛ የጅማን ስም አናነሳም። ሦስተኛዋ እትዬ ነበሩ፤ የዚያን ቀን ከእኔ ጋር መጥተው ከካውያው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሼ ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«እናንተ? እኔን? በቅጥቅጥ? ካሸነፋችሁኝ ጅማ አይደለም ካርቱም እሄዳለሁ!»

ለመሳቃቸው ምክንያት ነበራቸው። የጭነት መርከብ ነገር ላይ ማንም ጋሼን አሸንፎ አያውቅም። ሰሌዳውን በዓይናቸው ባያዩትም በጣታቸው ያውቁታል፤ ወታደር መቼ ከሰፈር መውጣት እንዳለበት፣ መርከቧ መቼ ሞልታ እንደምትነሳ ያሰሉታል። እኔ ገና ሁለተኛ ተሳፋሪዬን ስጠብቅ ሁሩሙን ወረሩብኝ። ልብስ ሰፊው ትንሽ ታገለ፤ ነገር ግን ሱሪ የሚያሳጥር ደንበኛ መጥቶበት ዞር ሲል ያዮ ተያዘ። ለአንድ አፍታ የጋሼን ዓይን አሳልፈን የሰጠን መሰለኝ።

«በሉ እስቲ እኔ ልሞክር» አሉ እትዬ፣ በርጩማውን እየጎተቱ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ቤትሽ ሥራ የለሽም?» አሉ ጋሼ።

«ሥራዬማ አንተ ነህ። ቆርኪውን ወዲህ በል።»

ጨዋታው ተጀመረ። እትዬ መርከብ አያሳድዱም፣ ደሴት አይመኙም። ጋሼ ጦር መርከቦቻቸውን ሲያሰማሩ እሳቸው ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። መርከብ ከመርከብ ሲጨራረስ ቆየና በመጨረሻ ለሁለቱም የቀረው አንዳንድ ቅጥቅጥ፣ አንዳንድ መድፍና ጥቂት ቁልፍ ሆነ። ጋሼ ሦስት ወታደር አሳፍረዋል። የቀራቸው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፤ እሱም ከሰፈሩ ወጥቶ በእግሩ ወደ ወደቡ እየሄደ ነው። እሱ ከገባ መርከቧ ሞላች፣ ሞላች ማለት ተነሳች፣ ተነሳች ማለት ጅማ ቀረ።

«አንድ ሰው የቀረው!» ብለው ጋሼ በኩራት ተጣሩ።

እትዬ መድፋቸውን ወደዚያች ብቸኛ የሸሚዝ ቁልፍ አዞሩ።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሉ ጋሼ ሲነገራቸው። «ለአንድ እግረኛ? ነውር አይደለም?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ አይቻለሁ» አሉ እትዬ። «ሾፌርን የሚገድለው ኬላ አይደለም፣ ገደልም አይደለም። የቀረው አንድ ሰው ነው።»

ቆርኪው ተወረወረ። እኔ የሌለኝን ስለት ሁሉ ተሳልኩ። ቆርኪው ጠረጴዛው ላይ ተሽከረከረ፣ ተሽከረከረ፣ ፊቱን አሳይቶ ተኛ።

«ወላሂ መታ!» አለ ልብስ ሰፊው።

የጋሼ መርከብ ሦስት ሰው ይዛ ወደብ ላይ ቀረች። ሌላ ወታደር የለም። ሳትሞላ አትነሳም፤ ሕጉን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ጋሼ እጃቸውን ሰደው መርከቧን ዳሰሷት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ ባዶዋን ቦታ። ጣታቸው እዚያች ባዶ ቦታ ላይ ቆየ።

እትዬ አሁን በራሳቸው መርከብ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቁልፍ አሳፈሩ። አራተኛው ቁልፍ እጃቸው ላይ ነበር፤ ወደ ከረጢቱ መለሱት። ተነስተው ቆሙ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሠሩ፣ ያን የድሮውን የረዳት ድምፅ አወጡት።

«ጅማ! ጅማ! ጅማ! ነመ ቶኮቱ ሃፌ! አንድ ሰው የቀረው!»

«እትዬ» አለ ልብስ ሰፊው በሹክሹክታ፣ «ጅማ የሚባል ደሴት እኮ የለንም።»

«አንተ ዝም በል። ረዳቷ እኔ ነኝ።»

በሩ ላይ ጨርቅ ይዛ የመጣች ሴት ልትገባ ብላ ፊታችንን አይታ ተመለሰች።

«መንገዱን አውቀዋለሁ» አሉ ጋሼ በመጨረሻ። «ከበደሌ ወዲያ ያለው ጠመዝማዛ ላይ ማርሽ ካልቀነሰ ያንሸራትታል።»

«ታዲያ ለሾፌሩ ትነግረዋለህ።»

«ሾፌሩ ማነው?»

«እኔ እንጃ። ጎበዝ ይሁን ደንባራ ማን ያውቃል። ለዚህ አይደል አንተ የምታስፈልገው?»

ጋሼ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ለእትዬ ብቻ የሚናገሩ መስሏቸው ነበር፣ ጓዳው ግን ጠባብ ነው። «ያቺን የቀረችኝን ብርሃን ቢያጠፉብኝስ?»

ለካ ነገሩ የተሳፋሪነት ኩራት ብቻ አልነበረም።

«እኔ አለሁ» አሉ እትዬ። «ረዳት ከመኪናው አይወርድም። ሕጋችሁ አይደል እንዴ?»

ጋሼ እጃቸውን ወደ ኮታቸው ላኩ። ከላይ ያለውን ቁልፍ ያዙና ክሩ እስኪበጠስ ሳቡት። ከዚያ በግራ እጃቸው ሰሌዳውን እየዳበሱ የእትዬን መርከብ ፈለጉ፤ ባዶዋን ቦታ አገኟት፤ የኮታቸውን ቁልፍ አስቀመጡባት።

«ሞልታለች» አሉ። «በይ ንጂ።»

ልብስ ሰፊው አፍንጫውን ጠረገና፣ «ጋሼ፣ በባዶ እጅ ሳይሆን በመቀስ ይበጠሳል እኮ፤ ጨርቁን ቀደዱት» አለ። ማልቀሱን ለመደበቅ መሆኑን ሁላችንም ስላወቅን ማንም አልሳቀም። እኔ ብቻ ትንሽ ሳቅሁ።

የጉዞው ጠዋት መናኸሪያ ስንሸኛቸው የጅማው ቅጥቅጥ ገና ግማሹ ባዶ ነበር። ረዳቱ ግን «አንድ ሰው የቀረው! ነመ ቶኮቱ ሃፌ!» እያለ ግቢውን ያናውጣል። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ።

«አያችሁ፣ አልሞላም። ሳይሞላ ደግሞ አይነሳም። እንግዲህ ቤት እንግባ።»

እትዬ እኔንና ልብስ ሰፊውን አዩን። ያ ዓይናቸው ተራ አስከባሪ ነበር። ገባን። ልብስ ሰፊው ሜትሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሱቁን ሳይቆልፍ፣ እኔም በነጠላ ጫማ። ለያዮ ገበያ ቀድመው ሊደርሱ የፈለጉ ሁለት ማር ነጋዴዎች እንስራቸውን ይዘው ተጨመሩ፤ አንድ ሽማግሌ ከሁለት ዶሮ ጋር ገቡ፤ ጋሼም ዶሮ ከተሳፋሪ ይቆጠራል አይቆጠርም ብለው ሊከራከሩ ሲጀምሩ መኪናው ተነሳ። እስከ በደሌ ድረስ አብረናቸው ሄድን። ጋሼ ጋቢና ተቀምጠው በየቁልቁለቱ የሌለውን ፍሬን በቀኝ እግራቸው ሲረግጡ፣ በየዳገቱ ደግሞ የሌለውን ማርሽ ሲቀይሩ ነበር። ሾፌሩ በደሌ ላይ ወርዶ፣ «አባቴ፣ እርስዎ ነዎት ሲደክሙ የዋሉት፣ እኔማ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነው» አላቸው። እኛ በሌላ መኪና ተመለስን። እሱም እስኪሞላ እዚያው ስንጠብቅ ዋልን።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ሰሌዳውን አልዘረጋነውም። ልብስ ሰፊው ያለወትሮው ሱሪ የጠየቀውን ሰው ሱሪ ብቻ ሰፍቶ ይሰድ ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ የጓዳው መጋረጃ ተገለጠና ጋሼ ገቡ፤ እትዬ ከኋላቸው። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው አዩን። አዩን ስል አዩን ማለቴ ነው። መጀመሪያ እኔን ከእግር እስከ ራስ።

«አንተ እንዲህ አርጅተሃል እንዴ? ማንም አልነገረኝም እኮ!»

ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ፤ የኮታቸውን ጫፍ ያዝ አድርገው። «ይሄን ኮት ጥቁር ነው ብለህ አልነበር የሰፋህልኝ?»

«በመብራት ነው የሚጠቁረው፣ ጋሼ» አለ ልብስ ሰፊው፣ ዓይኑን በሜትሩ ጫፍ እየጠረገ።

ሰሌዳውን ዘረጋን። ጋሼ ባሕሩን አዩት፣ ደሴቶቹን አዩ፤ የእኛ የሻይ ብርጭቆ ባሕሩ ላይ የሠራቸውን ክብ ክብ ዱካዎች አይተው፣ «እነዚህን ደግሞ ማን ነው ቦምብ የጣለባቸው?» አሉ። መርከቦቹን አንድ በአንድ እያነሱ ከብርሃን ጋር አስተያዩ። ከዚያ ዓይናቸው ከሰሌዳው ተነስቶ ከስፌት መኪናው በላይ ወዳለው መደርደሪያ ሄደ። እዚያ ያ ጥቁር የክር ጥቅል ነበር።

እኔና ልብስ ሰፊው መሬት መሬት አየን። ጋሼ ተነሱ፤ ክሩን አወረዱት፤ በእጃቸው አገላበጡት፤ ጣታቸው ከዓይናቸው ቀድሞ ያወቀው ይመስለኛል። ወደ እኔ ዞሩ።

«እግዜር ያጥናህ ብዬህ ነበር።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ተቀብለህኛል።»

«ተቀብያለሁ።»

እትዬ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነዋል። ጋሼ ተመልሰው ተቀመጡና ክሩን ሰሌዳው ላይ፣ በራሳቸው ወደብ በኩል አቆሙት። «ያሰጠምኩትን መርከብ ካወጣሁት የእኔ ነው» አሉ። «ይቺ ከዛሬ ጀምሮ ቅጥቅጤ ናት።» አንድ የሸሚዝ ቁልፍ አነሱና ጥቅሉ አናት ላይ አስቀመጡ። ከአንድ በላይ አይችልም፤ ሁለተኛ ቢጨመር ይወድቃል።

«ሞላች» አሉ። «ሁሩሙ ሁሩሙ ሁሩሙ! የቀረ ሰው የለም!»

«ጋሼ፣ በአንድ ሰው መነሳት ተጀመረ እንዴ?» አልኩ።

«የመያዝ አቅሟ ይኸው ነው። ሕጉ ትሙላ ይላል እንጂ አራት ይሁን አይልም።»

እኔ ሁለተኛ ተሳፋሪዬን ፍለጋ ስጮህ ሁሩሙን ያዙብኝ። እስከ ዛሬ ድረስም ያቺን መርከብ የሚደርስባት የለም። ልብስ ሰፊው ጥቁር ክር ሲቸግረው ከጎረቤት ሄዶ ይለምናል፤ ጋሼ በዘመቻ ላይ ካለ መርከብ ክር አይመዘዝም ብለውታል።